ዳኛዋ፣ ቃሊቲና አንቀጽ 83

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ለሕዝባቸው የሰጡት የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁት በአርአያነት የወሰዱት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። በሰነዱ ላይ ክርክር ቢነሣ ማን ይፈርዳል ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ፍርድ ጎደለብኝ ያለ ሰው በንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ላይ ተደፍቶ «አቤት!» ይላል፤ ከቀናው ዙፋን ችሎት ይቀርባል፤ ከዚያ የሚወጣው ቃል የመጨረሻው ነው።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነገሩን ትንሽ አወሳሰበው። የንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካዊ አማካሪ ጆን ስፔንሰር እጃቸው ያለበት ይህ ሰነድ፣ በአንቀጽ 122 ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ እንደሆነና ወደፊት የሚወጣ ተቃራኒ ሕግም ሆነ ትእዛዝ ወይም ፍርድ ዋጋ እንደማይኖረው ደነገገ። በአሜሪካ ዳኛ ጆን ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1803 በማርበሪና በማዲሰን ክርክር የአገሪቱ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ውድቅ ያደረጉት ይህን የመሰለ ቃል ተመርኩዘው ነው። የአዲስ አበባ ዳኞች ግን ሹመታቸውም ሽረታቸውም ከቤተ መንግሥት ነበር። ሕጉን ያጸደቁት፣ ዳኛውን የሾሙትና በዙፋን ችሎት የሚቀመጡት አንድ ሰው በሆኑበት አገር አንቀጽ 122ን መዝዞ ሕግ የሚሽር ዳኛ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱንም አገደ፤ በኅዳር 14 ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ለፍርድ ሳይቀርቡ በከርቸሌ እስር ቤት ተረሸኑ። ለ12 ዓመታት ያህል አገሪቱ ያለ ሕገ መንግሥት በአዋጅ ስትተዳደር ቆይታ የካቲት 15 ቀን 1979 የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ይኸኛው ጥያቄውን በግልጽ መለሰው፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የመንግሥት ምክር ቤት ነው አለ። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ፕሬዚዳንቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ስለዚህ ከዙፋን ችሎት ብዙም አልተራቀም።

ግንቦት 1983 ያም አለፈ።

አሁን በሥራ ላይ ያለውን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚሽን በአቶ ክፍሌ ወዳጆ ይመራ ነበር። በሕግ አማካሪነት ካገለገሉት መካከል አንዲት የቀድሞ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ስማቸው መዓዛ አሸናፊ ይባላል። ወደ እሳቸው እንመለሳለን። በረቂቁ ላይ ሲመከር ከተነሡት አማራጮች አንዱ፣ ጀርመኖች በካርልስሩኸ እንዳላቸው ያለ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ይቋቋም የሚል ነበር። አሸናፊው ሐሳብ ግን ሌላ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ከሆነ ትርጉሙን የሚናገሩትም ቃል የገቡት ራሳቸው ናቸው፤ ጥቂት ያልተመረጡ ዳኞች በትርጉም ስም ሊለውጡት አይገባም የሚል ክርክር ነበር። የመከራከሪያውን ጉልበት መናቅ አይገባም። የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ያለፈ ታሪክ አደራ ለመስጠት የሚያደፋፍር አልነበረም፤ አዲሱ ገዢ ፓርቲም ውሳኔው ከፖለቲካው እጅ እንዲወጣ አልፈለገም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 በዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሰብሳቢነት የሕገ መንግሥት ጉባኤው 106ቱን አንቀጾች አጸደቀ፤ ነሐሴ 15 ቀን 1987 በሥራ ላይ ዋሉ። በአንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር ሲነሣ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱን የሚያግዝ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ምክትሉም የፍርድ ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ስድስት የሕግ ባለሙያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ ሦስት ሰዎች ይጨመሩበታል። ጉባኤው ያጣራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል የፖለቲከኞቹ ነው። እዚያው ሰነድ ውስጥ ደግሞ አንቀጽ 13 ፍርድ ቤቶችን ጨምሮ የመንግሥት አካላት ሁሉ ሰብአዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ግዴታ ጣለባቸው። አስከብር የተባለ ዳኛ ምን ማለት እንደሆነ ሳይተረጉም እንዴት ያስከብራል? ጥያቄው ከዚያን ዕለት ጀምሮ አብሮ ተወለደ። በዚያው ዓመት፣ የእኛው ሕገ መንግሥት ሥራ ሊጀምር ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣትን ሽሮ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና በ1993 መጣ፤ የመጣውም በዋስትና ጥያቄ በኩል ነው። በመጋቢት ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከተሸናፊው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ብዙ ሳይቆዩ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩ የቀረበላቸው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ወጣት ናቸው፤ መዝገቡን ተመለከቱ፤ ተጠርጣሪው በዋስ ይውጡ ብለው አዘዙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(6) የሚለው ቀላል ነው፤ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው፤ ፍርድ ቤት ዋስትና የሚከለክለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ነው። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው።

ከዚያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ያከራክራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ 1993 አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና አይፈቀድለትም። አጭርና ግልጽ ነው፤ ለዳኛ የሚተወው ምንም ነገር የለም። «በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች» የሚለው ቃል አንድን የወንጀል ዓይነት በጅምላ ለመዝጋት ይበቃል ወይስ ዳኛው እያንዳንዱን ሰው እየመዘነ እንዲወስን ያዛል? ይህ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ነው፤ በብዙ አገሮች ይህን የሚመልሰው ችሎቱ ነው። እዚህ ግን መልሱ ከዳኛዋ እጅ ወጥቶ ነበር። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ገደማ ታስረው ቆዩ፤ ኋላ ላይ «ነፃነትና ዳኝነት በኢትዮጵያ» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። ሕጉ ራሱ በ1997 ለዘብ ተደረገ። በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ዋስትና የሚከለከለው ክሱ ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ሲሆን ብቻ ሆነ።

በዚያው በ1993 የአጣሪ ጉባኤውና የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ማቋቋሚያ አዋጆች ቁጥር 250 እና 251 ወጡ። ሕገ መንግሥቱ ለክርክር ይቀርባል ያለውን «ሕግ» አዋጆቹ አሰፉት፤ ከምክር ቤት የሚወጣ አዋጅ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቶች ደንብና መመሪያም ተካተተበት። የዳኛው ቦታ በዚያው ልክ ጠበበ። አንድ መመሪያ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚል ጠበቃ ሲነሣ መዝገቡን ወደ ጉባኤው መላክ ለዳኛው የሚቀለው መንገድ ሆነ፤ ቀላል መንገድ ደግሞ ቶሎ ይለመዳል።

የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ሥራውን ጨርሶ አልሠራም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1996 በአንዲት የአዲስ አበባ ሴት አቤቱታ ላይ የሰጠው ውሳኔ ጥሩ ምሳሌ ነው። የውርስ ክርክሯ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አልፈቅድም ብትልም ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን አልቀበልም ብሎ ጉዳዩን አየው፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብትደርስም ሰሚ አጣች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከጎኗ ቆመ። ምክር ቤቱ ያለ ተከራካሪዎች ፈቃድ የሃይማኖት ፍርድ ቤት ጉዳይ ማየቱ አንቀጽ 34(5)ን ይጥሳል ብሎ የፍርድ ቤቶቹን ውሳኔ ሁሉ ሻረ። ማኅበሩን ካቋቋሙት ዋነኛዋ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ።

ከዚያ 1997 ደረሰ። ግንቦት 7 ቀን ምርጫው በተካሄደበት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለአንድ ወር ሰልፍና ስብሰባ መከልከሉን አስታወቁ። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ክልከላው የአንቀጽ 30 መብትን ይጥሳል ብሎ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሄደ። እንግዲህ ጉዳዩ ሕግ አውጪው ያወጣውን አዋጅ የመሻር አልነበረም፤ አንድ የሥራ አስፈጻሚ ኃላፊ የሰጠው ትእዛዝ ከመብቱ ጋር ይጣጣማል ወይ የሚል ነበር። በየትኛውም አገር የፍርድ ቤት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን መዝገቡን ወደ አጣሪ ጉባኤው መራው፤ ጉባኤውም ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አልተቃረነም አለ። የጉባኤው ሰብሳቢ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አቶ ከማል በድሪ ነበሩ፤ እኚሁ ሰው በዚያው ጊዜ የምርጫ ቦርድም ሰብሳቢ ነበሩ። የምርጫው አስፈጻሚና ከምርጫው የተወለደው ክርክር አጣሪ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። ሕጉ አልከለከለም፤ ማንንም ማሳመን ግን አይችልም።

ምርጫውን ተከትሎ በሰኔና በ1998 ጥቅምት የፈሰሰውን ደም የመረመረው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት አደረገ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከመካከላቸው ምክትል ሊቀመንበሯ፣ የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ይገኙበታል። የታሰሩት በቃሊቲ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ከሳሪስ ወርዶ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የተዘረጋ፣ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የጭነት መኪና ክፍለ ከተማ ነው። በአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ ይገኝ የነበረው ከርቸሌ ሲዘጋና ቦታው ለኅብረቱ ሲሰጥ የማዕከላዊው እስር ቤት ሥራ ወደዚህ ወረደ። ጠያቂዎች ስንቅ ተሸክመው በታክሲና በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ በፍተሻ ያልፋሉ፤ ለጥቂት ደቂቃ በአጥር ማዶ ያወራሉ። ግቢው በስምንት ዞን የተከፋፈለ ነበር። ለብዙ ጠበቆች ሕገ መንግሥቱ የሚፈተነው ከዚህ ግቢ በሚነሣ መዝገብ ነው፤ ዋስትና፣ ከጠበቃ ጋር መገናኘት፣ በቤተሰብ መጠየቅ፣ ሳይፈረድ ንጹሕ ሆኖ መገመት ሁሉ የሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት መብቶች ናቸው።

ወይዘሪት ብርቱካን ከሌሎቹ የቅንጅት መሪዎች ጋር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 13 ቀን 1999 በይቅርታ ወጡ። አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን መሠረቱ። በይቅርታው አሰጣጥ ላይ በስዊድን የተናገሩት ቃል መንግሥትን አስቆጣ፤ አስተባብይ ሲባሉ «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አውጥተው በአቋማቸው ጸኑ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ይቅርታው ተነሥቶ ዕድሜ ልክ ፍርዳቸውን ሊጨርሱ ቃሊቲ ገቡ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ለብቻቸው ታስረው አሳለፉ፤ እንዲጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ትንሿ ልጃቸው ነበሩ። እሳቸው ውስጥ ሳሉ፣ በ2002፣ ፓርቲያቸውን ሁለት ሰዎች ተቀላቀሉ። አንዱ በዋስ ይውጡ ያሏቸው አቶ ስዬ አብርሃ ናቸው። ሌላው ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ የመሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ። ብርቱካን መስከረም 26 ቀን 2003 በሌላ ይቅርታ ተፈትተው ወደ አሜሪካ ሄዱ።

በእነዚያ ዓመታት ችሎቱ ሙሉ በሙሉ ዝም አላለም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ሆኖ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የቀረበለት ጉዳይ የአንድ ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች፤ ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ አባት መጥቶ የቤተሰብ ሕጉ ለሕያው ወላጅ የሚሰጠውን ሞግዚትነት ጠየቀ፤ የበታች ፍርድ ቤቶች ፈቀዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን ከቤተሰብ ሕጉ ፊደል አልፎ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን መዝኖ የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ፤ የበታቾቹን ሻረ። ይህ ትርጉም ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ዳኞቹ ስሙን ሳይጠሩ ሥራውን ሠሩ። ፖለቲካ ያልነካው መዝገብ ላይ ሕገ መንግሥቱ ከችሎት መደርደሪያ ወርዶ ማገልገሉን ለተመለከተ ሰው፣ ችግሩ የአንቀጽ 83 ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆንለታል፤ ግማሹ የድፍረት ጉዳይ ነበር።

ቃሊቲ ደግሞ የራሱን ተማሪዎች ያፈራ ጀመር። በ2003 እና በ2004 መባቻ ጋዜጠኞቹ ርእዮት ዓለሙና እስክንድር ነጋ በ2001 በወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ተከሰሱ። ሊጠይቋቸው የሚመላለሱ ወጣቶች ስለ ግቢው ስምንት ዞኖች ሰሙ፤ እስረኞቹ ከአጥሩ ውጪ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን ይሉት ነበር። በ2004 ወጣቶቹ «ዞን ዘጠኝ» የሚል ብሎግ ከፈቱ፤ ከመጀመሪያ ዘመቻዎቻቸው አንዱ «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» የሚል ነበር። መፈክሩ ከዚያ በላይ ልከኛ ሊሆን አይችልም፤ መንግሥት ራሱ የጻፈውን ይፈጽም ነው የሚለው። በሚያዝያ 2006 ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው በሽብር ተከሰሱ፤ ወንዶቹ በዚያው ክፍለ ከተማ ባለው ቂሊንጦ እስር ቤት፣ ሴቶቹ በቃሊቲ ነበሩ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ አንዳቸው ብቻ በቀለለ ክስ እንዲከላከሉ ተባሉ።

በዚያው በ2006 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የፌዴራል አዋጅ ሲሽር ታየ። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት፣ በሚኒስትር ማዕረግ ያሉት አቶ መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 በሙስና ተይዘው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 25/1988 አንቀጽ 8(1) መሠረት እንደ እሳቸው ያለ ባለሥልጣን በመጀመሪያ ደረጃ የሚዳኘው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ክብር ይመስላል፤ ይሁንና ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በላይ ይግባኝ የሚሰማ የለምና ተከሳሹ በአንቀጽ 20(6) የተሰጠውን የይግባኝ መብት ያጣል። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን መራ፤ ጉባኤው አጣራ፤ ምክር ቤቱ አንቀጹ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ጉዳዩ በከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲታይ ወሰነ። የአሠራሩ ደጋፊዎች ይህን መዝገብ ደጋግመው ያነሡታል፤ እውነታቸውን ነው፣ እንደታሰበው ሠርቷል። ከዚያ ውጪ ግን ወደ ጉባኤው ከሚጎርፈው አቤቱታ አብዛኛው «የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም» በሚል ይመለስ ነበር።

በ2010 ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። በየካቲት እስክንድር ነጋና ሌሎች ከቃሊቲ ወጡ። ጥቅምት 22 ቀን 2011 መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚህም የአጣሪ ጉባኤው ሰብሳቢነት በእጃቸው ገባ። ልክ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ኅዳር 13፣ ከአሜሪካ የተመለሱት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ሴራ ቢፈጥር አንባቢ አላምንም ባለ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ መዝገብ የተገናኙት በኮሮና ምክንያት ነው። መጋቢት 22 ቀን 2012 ቦርዱ ለነሐሴ 23 የተቆረጠውን ምርጫ ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዘመን በመስከረም መጨረሻ ያበቃል፤ ሕገ መንግሥቱ ምርጫው ሳይካሄድ ዘመኑ ቢያልቅ ምን ይሆናል ለሚለው አንድም ቃል የለውም። አራት አማራጮች ተደረደሩ፤ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻልና ትርጉም መጠየቅ። ሚያዝያ 27 ምክር ቤቱ አራተኛውን መረጠ። አጣሪ ጉባኤው በግንቦት ያደረገው በአገሪቱ ታሪክ ያልታየ ነበር፤ የሕግ ምሁራንና ባለሙያዎች በአንቀጽ 54(1)፣ 58(3) እና 93 ላይ ሲከራከሩ ሕዝብ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተመለከተ። ለጥቂት ቀናት የሕገ መንግሥት ክርክር በየቤቱ የቡና ወሬ ሆነ። መዓዛ አሸናፊ ከሃያ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ሲረቀቅ ያማከሩትን ሰነድ፣ አሁን ዝም ባለበት ቦታ ምን ሊል እንደፈለገ ሲመረምሩ ሰብሳቢዋ ነበሩ።

ሰኔ 1 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሰኔ 3 ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ የምክር ቤቶቹ ዘመን እንዲራዘምና ምርጫው ወረርሽኙ የጤና ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እንዲካሄድ ወሰነ። ተርጓሚው የራሱ የአገልግሎት ዘመን በቀጥታ ከሚነካው ገዢ ፓርቲ የተውጣጣ ምክር ቤት መሆኑ ከመነሻው የተቃዋሚዎች ዋና ቅሬታ ነበር። ሕወሓት ውሳኔውን አልተቀበለም፤ የትግራይ ክልል ጳጉሜን 4 የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ምርጫውን እንዳልተደረገ ቆጠረው። በጥቅምት ጦርነቱ ተጀመረ። የጦርነቱ ምክንያት የሕግ ትርጉም ብቻ ነበር የሚል የለም፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት ዳኛ አለመኖሩ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

የፈረንጆቹ 2020 ክረምት እስክንድር ነጋን እንደገና ወደ ቃሊቲ መለሰው። ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በሰኔ 2012 የታሰሩት እስክንድር የባልደራስ ለእውነተኛ ዴሞክራሲ ፓርቲ መሪ ነበሩ። ፓርቲያቸው እሳቸውንና አብረዋቸው የታሰሩትን አባላት ለሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ በዕጩነት ሲያቀርብ ቦርዱ እስረኛ አልመዘግብም አለ። ባልደራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ። ተስፋ ሳይቆርጥ ሰበር ገባ።

በግንቦት 2013 ሰበር ሰሚ ችሎቱ እስረኞቹ ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አልተመራም፤ ያልተፈረደበት ሰው የመመረጥ መብት ያጣል ወይ የሚለውን ዳኞቹ ራሳቸው መለሱት። ቦርዱ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሟል ብሎ ቢያንገራግርም በመጨረሻ ፈጸመ፤ ዕጩዎቹ ተመዘገቡ። እንግዲህ እዩት፤ የቀድሞዋ ዳኛ፣ የቀድሞዋ የቃሊቲ እስረኛ የሚመሩት መሥሪያ ቤት የቃሊቲን እስረኞች ስም በምርጫ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍር በፍርድ ቤት ታዘዘ፤ ታዘዘና ፈጸመ። በ1993 የዋስትና ትእዛዛቸው ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ሲጣስ የተመለከቱት ሰው የሌላ ችሎት ትእዛዝ ሲመጣባቸው መታዘዛቸው፣ ይህ ታሪክ ካሉት ጥቂት ደስ የሚሉ ገጾች አንዱ ነው። እስክንድር አልተመረጡም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ በገና ዕለት፣ ተፈቱ።

በ2012 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የመሥሪያ ቤቶችን መመሪያ ፍርድ ቤት እንዲመረምር ፈቅዷል። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ ሁለት ነገሮችን ጨመረ። አንደኛ፣ በአንቀጽ 11(3) በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉ መብቶች ለማስከበር የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታን በቀጥታ ተቀብሎ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጠው። ሁለተኛ፣ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ውሳኔ በሰበር ሊታረም የሚችል መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መሆኑን በስም ጠቀሰ። አንቀጽ 83 አንዲት ፊደል አልተለወጠም። ከዚያ በታች ያለው ቤት ግን ተሠርቶበታል።

መዓዛ አሸናፊ በጥር 2015 ሥራቸውን ለቀቁ፤ የፍርድ ቤቱም የአጣሪ ጉባኤውም ወንበር ወደ አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ተላለፈ። ብርቱካን ሚደቅሳ በዚያው ዓመት ሰኔ ከቦርዱ እንደሚለቁ አስታወቁ። ዛሬ ከቃሊቲ ወይም ከቂሊንጦ ተነሥቶ ችሎት የሚደርስ አቤቱታ ላይ ጠበቃው «ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል» ሲል በዳኛው እጅ ሁለት መንገድ አለ። መዝገቡን አግዶ ወደ አጣሪ ጉባኤው መላክ ይችላል፤ ደንበኛው እስከዚያ ታስሮ ይጠብቃል። ወይም አዋጅ 1234ን ጠቅሶ፣ ሕግ ሳይሽር፣ መብቱን ለማስከበር የሚበቃ ትእዛዝ እዚያው ይሰጣል። ማስከበር የት አብቅቶ መተርጎም የት እንደሚጀምር የሚያሳየውን ድንበር ያሰመረ ሕግ እስካሁን አልወጣም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ የሚመርጥ ዳኛ በየመዝገቡ ራሱ እያሰመረ ይሄዳል።